የፕሮፌሰሩ ተረት ተቀባይ

ባለፈው ወር ኦክላንድ ውስጥ ዓይን ሐኪም ቤት ቁጭ ብዬ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ዘንድሮ ዓይኔ አስቸግሮኛል፤ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን የሚሮጠውን ጽሑፍ ማንበብ ካቆምኩ ቆየሁ፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ ስቀመጥ ሥራዬ መስማት ነው። ከጀርባዬ አንዲት ህንዳዊት አሮጊት ዝግ ባለ ድምፅ ረዘም ያለ ነገር ለአንዲት ወጣት ያወራሉ። ቋንቋው አይገባኝም፤ ዜማው ግን፣ ከየት እንደሆነ ባላስታውስም፣ የማውቀው ነው። አሮጊቷ ሐረጋቸውን ጨርሰው ጸጥ ሲሉ ወጣቷ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። እኛ "አዎ፣ እየሰማሁ ነው" ስንል የምንስባት ትንፋሽ፣ ራሷ። ፈረንጅ ሲሰማት "ምነው፣ ምን ሆንሽ?" የሚለን። ሐበሻ ናት ብዬ ዞር አልኩ፤ አይደለችም። አሮጊቷ ቀጠሉ፤ ልጅቱም ደግማ ሳበች። አሜሪካ ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር ያቺን ትንፋሽ ከኛ ሰው ሌላ ስትወጣ የሰማሁት ከአንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆነ።

ያኔ የምኖረው ሳን ሆዜ ነበር። ወንዱ ሁሉ ቀበቶው ላይ ፔጀር አንጠልጥሎ፣ በጮኸበት ቁጥር የሕዝብ ስልክ ፍለጋ የሚሮጥበት ዘመን ነው። ቤንዚን ጋሎኑ በዶላርና በጥቂት ሳንቲም ይቀዳል። አገር ቤት ለመደወል የስልክ ካርድ ገዝተን፣ ጀርባውን በሳንቲም ፍቀን፣ ያን ሁሉ ቁጥር ነካክተን፣ "እንዴት ናችሁ" ተባብለን ሳንጨርስ ይቋረጣል። የሴት ኮት ሁሉ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ነበረው፤ ተሰብስበን ፎቶ ስንነሣ የጦር ሠራዊት እንመስላለን። እኔም ከቅዳሜ ገበያ፣ ሜዳ ላይ ከሚሸጡት የገዛኋት አንዲት ወይን ጠጅ ቀለም ኮት ነበረችኝ፤ ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለሠርግም፣ ለለቅሶም እሷ ናት። አዲስ ካሴት ሲወጣ ፍሪሞንት ድረስ በመኪና ሄደን፣ መኪናዋን እዚያ አቁመን፣ በባቡር ኦክላንድ እንገባለን። ቴሌግራፍ መንገድ ላይ ጠባብ የሐበሻ ሱቅ ነበረች፤ ባለቤቱ ካሴቱን ከመሸጡ በፊት አንድ ዘፈን አስሰምቶ ፊታችንን ያየናል። ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ሱቋ የነበረችበት ቦታ የውሻ ፀጉር የሚቆረጥበት ቤት ሆኗል። ባለቤቱ የት እንደደረሰ የሚያውቅ አላገኘሁም።

አብራኝ የምትኖረው ውብዓለም ነበረች። እሷ ጴንጤ፣ እኔ ተዋሕዶ፤ እሑድ ጠዋት መስታወት ፊት ተጋፍተን ለብሰን በየበኩላችን እንሄዳለን። እሷ ሚልፒታስ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒዩተር ቦርድ ትገጣጥማለች፤ ጣቶቿ ላይ ሁልጊዜ የብየዳ ጠባሳ አይጠፋም። እኔ በየሰው ቤት እየሄድኩ አረጋውያን እንከባከባለሁ። አንድ ቀን የምሠራበት ኤጀንሲ እዚያው ሚልፒታስ አንድ ቤት ላከኝ። ውብዓለም በዚያች አሮጌ ቶዮታዋ ስታደርሰኝ እንደ ልማዳችን መስኮቱን ዘጋን፤ ነፋስ ከባሕሩ ዳር ሲነሣ የረግረጉንና የቆሻሻ መጣያውን ሽታ ይዞ ይመጣል። "ሥራው ካልተመቸሽ ፔጅ አድርጊኝ፤ ብሬክ ላይ ኮል አደርግልሻለሁ" አለችኝ።

ቤቱ ውስጥ ግን የሚሸተው ሄል ነበር፤ በወተት በፈላ ሻይ ውስጥ የገባ ሄል። በሩን የከፈተልኝ ሱሬሽ የሚባል መሐንዲስ ነው፤ እሱም ባለቤቱም ሳኒቬል ከተማ ይሠራሉ። "አባቴ ፕሮፌሰር ነው" አለኝ ኮሪደሩ ላይ እንደቆምን። "ስትሮክ ነካ አድርጎት ግራ እጁ ደክሟል። እሱስ ቀላል ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን ከሰው እየሸሸ ሄደ። ምግቡንና መድኃኒቱን ተከታተይልኝ፤ ጨዋታ አትጠብቂ።" ሳሎን ስገባ ፕሮፌሰር ሪጁማል ቆመው ጠበቁኝ። ነጭ ረጅም ሸሚዝ፣ የሱፍ ሰደርያ፣ ትከሻቸው ላይ ደግሞ ቀይና ሰማያዊ ቅርጽ የታተመበት ጨርቅ። በደህናው እጃቸው መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ቀጥሎም ፓፓድ የሚሉትን ስስ የሚንኮሻኮሽ ቂጣ በሳህን አመጡልኝ። በአንድ እጅ ስለከበዳቸው ልቀበላቸው ተነሣሁ። "ተቀመጪ" አሉኝ። "በኛ አገር ሰው ቤት ሲገባ ውሃና ፓፓድ ይቀምሳል። ሥራሽን ከዚያ በኋላ ትጀምሪያለሽ።" በዚህ አገር ሰው ቤት ለሥራ ገብቼ እንደ እንግዳ የተቀበለኝ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው፤ ውሃዋን አንዲት ጠብታ ሳላስቀር ጠጣሁ።

ሲንድ የሚባል አገር መኖሩን የሰማሁት ከሳቸው ነው። ትልቅ ወንዝ መካከሉን አቋርጦ ባሕር የሚገባበት አገር ነው፤ እንግሊዞች ህንድን ለቀው ሲወጡ፣ አገሩ ለሁለት ሲከፈል፣ ሲንድ በፓኪስታን በኩል ቀረ። የፕሮፌሰሩ ቤተሰብ ሂንዱ ስለሆነ እንደ ብዙው ሰው ከካራቺ መርከብ ተሳፍሮ ወጣ፤ እሳቸው ያን ጊዜ ጎረምሳ ናቸው። ሰው ሁሉ የቻለውን ያዘ፤ ድስት፣ ጌጥ፣ የቤቱን ቁልፍ ሳይቀር። ቦምቤይ አጠገብ ካምፕ ሲሰፍሩ ግን ፕሮፌሰሩ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ መንደር ሳሉ ማምሻውን ሁሉ ተረት ያወሩ የነበሩ ሴቶች ዝም ብለዋል። ልጆቹ የአዲሱን ከተማ ቋንቋ እየተማሩ ነው፤ የሚሰማቸው የለም። በኋላ ኮሌጅ የታሪክ መምህር ሲሆኑ፣ ባልደረቦቻቸው የነገሥታቱንና የጦርነቱን ታሪክ ሲጽፉ፣ እሳቸው ከባድ የቴፕ ማሽን ተሸክመው በባቡር እየተጋፉ ወደዚያ ካምፕ መመላለስ ጀመሩ። ተረቱን፣ የሠርግ ዘፈኑን፣ እንቆቅልሹን፣ ዓሣ አጥማጁ ለየነፋሱ ያወጣለትን ስም ሁሉ ቀዱ። ሲንድ የቀረ አንድ ሙስሊም አስተማሪ ወዳጅ ነበራቸው፤ በሁለቱ አገሮች መካከል ደብዳቤ ማድረስ ሲያስቸግር ዱባይ ባለ ዘመድ በኩል እየተጻጻፉ፣ ያኛው እዚያ የሰማውን እሳቸው ካምፑ ውስጥ ከሰሙት ጋር ያስተያዩ ነበር። "የንጉሡ ግንብ ቢፈርስ ድንጋዩ ይገኛል" አሉኝ አንድ ቀን። "ሸክላ ሠሪዋ ሸክላዋ ሲሰነጠቅባት የምትለውን ግን እሷ ከሞተች ከየት አመጣዋለሁ?"

በሥራቸው አንድ የማይጣስ ሕግ ነበራቸው። ቴፑ ሲጀምር ተረቱን ማን እንደነገረ፣ ከየትኛው መንደር እንደሆነ፣ ማን እየሰማ እንደተቀዳ ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ የሰሙትን እንዳለ ነው፤ አያሳምሩም፣ አይቆርጡም። ከሰበሰቡት ከፊሉን በመጽሐፍ አሳትመዋል። ያልታተመው ይበልጣል፤ እሱ በቴፕ ብቻ ነበር። ቴፖቹ ደግሞ የቦምቤይ ዝናብ በሚያረጥበው ቤት፣ አልጋ ሥር ሻንጣ ውስጥ ሲኖሩ ሻጋታ በላቸው። አሜሪካ ሲመጡ ሱሬሽ ባለሙያ ጋ ወስዶ አስሞከራቸው፤ ከነሱ የወጣው ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። "እነዚያ ሴቶች ሁለተኛ ሞቱብኝ" አሉኝ ይህን ሲነግሩኝ፤ ድምፃቸውም ፊታቸውም አልተለወጠም፤ ከመጀመሪያው ያዘነ ሰው እንዲህ ነው።

ተረቶቹ ግን ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበሩ። እያንዳንዱን ደጋግመው ስላዳመጡ የተናጋሪዋን ሳል ሳይቀር ያስታውሳሉ። ሱሬሽ ቀይ ቁልፍ ያላት የካሴት መቅጃ ገዛላቸው፤ ቁልፏን ተጭነው የሚያውቁትን ሁሉ እንዲናገሩ ነው ሐሳቡ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። ቁልፏ ቋ ትላለች፤ ስም ይጠራሉ፣ መንደር ይጠራሉ፣ ትንሽ ያወራሉ፤ ዝም። ቁልፏ ደግማ ቋ ትላለች። በማግሥቱም ያው ነው። የረሱት መስሎኝ አሳዘኑኝና "ትንሽ ይረፉ፣ ይመጣልዎታል" አልኳቸው። "አልረሳሁም" አሉኝ። "የሚቀበለኝ የለም።" በሲንድ ተረት ለብቻ አይነገርም። ከሰሚዎቹ አንዱ ይመረጥና ተናጋሪው ሐረግ በጨረሰ ቁጥር "ሁም" እያለ ይቀበለዋል፤ ይህን ሁንጋሮ ይሉታል። ሁንጋሮው ከተቋረጠ ተረት ነጋሪው ያቆማል፤ መቀጠል ነውር ነው፣ ለግድግዳ እንደማውራት ነው። በዚያ በጠፋው ቴፕ ሁሉ ላይ "ሁም" ባይዋ ባለቤታቸው ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን አብረዋቸው በየካምፑ እየዞሩ፣ ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጠው፣ "ሁም" ሲሉ ኖሩ። ፕሮፌሰሩ ያጡት ተረቶቹን ብቻ አልነበረም፤ የሚስታቸውንም ድምፅ ነው።

ሱሬሽ ይህ ሲነገረው አንድ ቅዳሜ ሊቀበላቸው አባቱ ፊት ተቀመጠ። ደግ ልጅ ነው፤ ቋንቋውንም ከሞላ ጎደል ይሰማል። ፕሮፌሰሩ ጀመሩ። ሱሬሽ "ኦኬ፣ ዳድ" ይላል፤ "ያ" ይላል፤ ፔጀሩ ሲንቀጠቀጥ ዓይኑ ወገቡ ጋ ይሄዳል። ፕሮፌሰሩ ቀስ ብለው ቁልፏን አጠፏትና አመሰገኑት። እሱ ወደ ጋራዡ ሲወጣ ወደኔ ዞር ብለው "ልጄ እስክጨርስ ይጠብቀኛል እንጂ አይሰማኝም" አሉ። አልተቆጡም። ያን ቀን ግን ምሳቸውን አልበሉም።

የሆነው ሁሉ የሆነው የደከመ እጃቸውን በዘይት ሳሽላቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እንዳፍታታ ታዝዤ ነበር። መቅጃዋ ጠረጴዛው ላይ ናት፤ እንደ ልማዳቸው ቁልፏን ተጭነዋታል። እጃቸውን እንደያዝኩ፣ ለራሳቸው ያህል ጀመሩት፤ ሐረጉን ጨርሰው ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ እኔ ሳላስበው ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ። ቀና ብለው አዩኝ። ቀጠሉ። ቆም አሉ፤ ሳብኩ። አንዲት ቃል አልገባኝም። ግን ግዕዝ ሳላውቅ ስንት ዘመን ቅዳሴ ቆሜያለሁ፤ ካህኑ የት ላይ ድምፁን እንደሚያነሣ፣ የት ላይ ሕዝቡን እንደሚጠብቅ ሰውነቴ ያውቀዋል። የሳቸውም እንደዚያው ነበር። አንዲት ሴት ስትቆጣ፣ አንድ ሽማግሌ ሲለማመጥ፣ ውሃ ሲሞላ ከድምፃቸው ይታወቀኛል። ዘይቱ እጄ ላይ ደረቀ። ተረቱ አለቀ። ካሴቱ በሞላ መዞሩን ያየነው ያን ጊዜ ነው፤ ፕሮፌሰሩ ካሴቱን አውጥተው ሰደርያቸው ኪስ ከተቱት።

ማምሻውን ሱሬሽ ሲመጣ ካሴቱን አስሰሙት። እኔ ኮቴን እየለበስኩ ነው። ደስ ብሎት ሲሰማ ቆየና ፊቱ ተለወጠ። "ጸዳለ፣ አስም አለብሽ እንዴ?" አለኝ። የለብኝም፣ በኛ አገር አዎ ማለት ነው ብዬ አስረዳሁት። ወደ አባቱ ዞረ። "ባባ፣ ዕድሜህን ሙሉ አንዲት ቃል አልጨመርክም። የሰው ቃል አሳመሩ ብለህ ስንት ሰው ተቀይመሃል። አሁን በሲንድ ተረት ውስጥ የሲንድ ያልሆነ ድምፅ ስታስገባ ነገ የሚሰማው ሰው ምን ይላል? ደግሞ እሷ ቋንቋውን አታውቅም።" እውነቱን ነው፤ እኔም በልቤ እውነቱን ነው አልኩ። በማግሥቱ "ሁም" ማለት ፕሮፌሰሩ ያስተምሩኝ ጀመር። "ከአፍንጫሽ ነው፤ አፍሽን አትክፈቺ።" አልኩት። ጥሩ አድርጌም አልኩት። ግን "ሁም" የምልበትን ቦታ ስጠባበቅ ተረቱ ያመልጠኛል፤ ልክ እንደ ሱሬሽ ሆንኩ፣ እሳቸውም መሐል ላይ ያቆማሉ። ተረቱ ሲይዘኝ ደግሞ "ሁም"ን እረሳና ትንፋሼ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ መቅጃዋ ላይ ጨርቅ ጣል አደረጉባትና ለጥቂት ቀናት ነገሩ ተተወ። እኔ ሥራዬን አጣለሁ ብዬ አልፈራሁም፤ የፈራሁት ሰውዬው እነዚያን ሁሉ ሴቶች ይዘዋቸው እንዳይሞቱ ነው።

አንድ ጠዋት ስገባ ጨርቁ ተነሥቷል። "ተቀመጪ" አሉኝ። "ማን እንደነገረኝ ስጽፍ ኖርኩ። ማን እንደሰማኝ ከደበቅሁ ግማሹ ውሸት ነው። ባለቤቴም የሰሜን ሲንድ ሰው ነበረች፤ የሷ ሁም የኔ መንደር ሁም አልነበረም፤ ማንም አልከሰሰኝም።" ቀይዋን ቁልፍ ተጫኑና የተናጋሪዋን ስምና መንደሯን ተናገሩ። ከዚያ ስሜን ሰማሁ። ጸ የምትለዋን ፊደል ፈረንጅ ሁሉ ሲያቅተው እሳቸው ልክ እንደኛ አድርገው አወጧት፤ ሲለማመዱ ከርመዋል ማለት ነው። ሲጨርሱ ያሉትን በእንግሊዝኛ ነገሩኝ፤ "ሰሚዋ ጸዳለ ናት፣ ከኢትዮጵያ። ቋንቋውን አታውቅም። በትንፋሽ ትቀበላለች፤ ይህ የአገሯ ልማድ ነው እንጂ የሲንድ አይደለም።" ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ካሴት በዚያ ቃል ይጀምራል። ሱሬሽም ሰምቶ ይሁን አለና ባዶ ካሴት በካርቶን ገዝቶ መጣ።

እንዲህ ሆነን ሠራን። መጀመሪያ በሲንድ ቋንቋ ይቀዳል፤ ከዚያ ሻይ ይፈላል፤ ሻይ ላይ ምን እንደነበረ በእንግሊዝኛ ይነግሩኛል። ቀድሞ መንገር የለም። "ካወቅሽው አትሰሚኝም" ይላሉ። አንዳንዴ ሳዝን የቆየሁበት ተረት የሚያስቅ ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዴ ፈገግ ያልኩበት ሕፃን የሞተበት ነው፤ ይህን ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። ቤት ስገባ ውብዓለም "ዛሬስ ምን አለሽ?" ትለኛለች። መጀመሪያ ግን ነገሩ ደስ አላላትም ነበር። "ጸዱ፣ አልዋሽሽም፣ እኔ ኮንፈርተብል አይደለሁም" አለችኝ ድስት እያጠበች። "የማታውቂውን ነገር አዎ አዎ ስትይ የማንን አምላክ እየጠራ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?" "ተረት ነው፣ ውቤ።" "ተረትማ ከሆነ አንዱን ንገሪኛ።" ነገርኳት። ስለ አንዲት ሸክላ ሠሪና ስለ ስስታም አማቷ ነው። ውብዓለም ስፖንጁን እንደያዘች ቆመች፤ ሐረጉን በጨረስኩ ቁጥር ትንፋሿን ሳበች፤ ሳበች፤ ሲያልቅ "እዚያ ፋብሪካ ያለችው ሱፐርቫይዘሬን ቁርጥ" አለች። ከዚያ ወዲያ ኦቨርታይም ባልገባችበት ቀን ሁሉ ተረቴን ትጠብቃለች። ስለ አምላኩ ጉዳይም ዳግመኛ አላነሣችብኝም።

የመጨረሻው ካሴት የተቀዳው ኮረብታዎቹ ገና አረንጓዴ ሳሉ ነው። በዚህ አካባቢ የኖረ ያውቀዋል፤ ከሚልፒታስ ጀርባ ያሉት ኮረብቶች ለጥቂት ሳምንት አረንጓዴ ይሆኑና ወዲያው ይደርቃሉ። ያን ጠዋት ደህና ነበሩ፤ እንዲያውም ካርቶኑን አይተው "ይህ ካለቀ የቀረኝ ጥቂት ነው" ብለውኛል። ተረቱ ውስጥ አንድ ሰው ይጣራል። ከሩቅ፣ ውሃ ላይ ሆኖ እንደሚጣራ ሰው ድምፃቸውን ያረዝሙታል፤ ይጣራሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ደግመው ይጣራሉ። ተረቱ እየገፋ ሲሄድ ጥሪው እየከበደ መጣ። አንዴ ተጣሩና ዝም አሉ። ዝምታው የተረቱ መሰለኝ፤ ትንፋሼን ሳብኩ። አልቀጠሉም። ደግሜ ሳብኩ። ቀና ብዬ ሳይ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣምሟል። "አባባ?" አልኳቸው። ከዚያ በፊት ፕሮፌሰር እንጂ አባባ ብያቸው አላውቅም። "አባባ?" ከዚያ ስልኩን አንሥቼ ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። አምቡላንሱ ሲመጣ፣ እኔ ከኋላ ስሮጥ፣ መቅጃዋን ያጠፋ ሰው አልነበረም።

ነፍሳቸው ተረፈች። ቃል ግን ሄደ። ሱሬሽ ሳን ሆዜ ውስጥ ማገገሚያ ቤት አስገባቸው፤ እዚያ ሠራተኛ ስለነበር ደመወዜ ተቋረጠ፤ እኔ ግን በሳምንት ሁለት ሦስቴ በአውቶቡስ እየሄድኩ ጎን እቀመጣለሁ። ቴራፒስቷ ከንፈራቸውን እያሳየች "ማ በሉ፣ ባ በሉ" ትላለች፤ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ምንም አይወጣም። ዓይናቸው ደህና ነው፤ ሁሉን ያውቃሉ። ይህን ማየት እንዴት እንደሚያስለቅስ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብቻ ሆነን፣ ደህናውን እጃቸውን አንሥተው ወደ አፌ ጠቆሙ። ውሃ የፈለጉ መሰለኝ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግመው ወደ አፌ ጠቆሙ፣ ከዚያ ወደ ጆሯቸው። ሲገባኝ አፈርኩ። እኔ ተረት ነጋሪ አይደለሁም። አባቴ ደሴ ላይ በቅሎ ይነግዱ ነበር፤ ድልድይ አልሻገርም ስላለች በቅሎ የሚያወሩት አንድ ረጅም ተረት ነበራቸው፤ የማስታውሰው እሱን ብቻ ነው። በአማርኛ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን ሐረግ ጨርሼ ቆም አልኩ። ፕሮፌሰሩ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። ቃል ያልታዘዘላቸው ሰው፣ "ሁም" እንኳን የማይወጣላቸው ሰው፣ ያቺ ግን ድምፅ ስለማትፈልግ ወጣችላቸው። እንባዬ እየወረደ በቅሎዋን አሻገርኳት። በየሐረጉ ተቀበሉኝ፤ አንዷን እንኳ አልሳቱም።

የዚያ በጋ ሙቀት ሳይበርድ አረፉ። ሱሬሽ ካርቶኑን ለሲንዶች ማኅበር ሰጠ፤ ቅጂውን አንድ ቤተ መጻሕፍት ወሰደው ብሎ በስልክ ነገረኝ። የመጨረሻዋ ካሴት ግማሽ መሆኗን ጠቅሶ ተረቱን የሚያውቅ አጣሁ አለኝ። ሻዩ ስላልፈላ እኔም ምን እንደነበር ሳላውቅ ቀረሁ። ከዚያ ኑሮ ነው፤ ውብዓለም አግብታ ሳክራሜንቶ ገባች፣ እኔ ኦክላንድ ተሻገርኩ፣ ካሴትም መቅጃም ከዓለም ጠፋ። ውሃ ላይ ሆኖ የሚጣራው ሰውዬ ግን አልለቀቀኝም። ዕቃ ሳጥብ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ድንገት ይመጣብኛል፤ ማንን ነበር የሚጣራው? ደረሰ ወይስ ሰመጠ? መልሱን የሚያውቁት ሰው እጄ ላይ ዝም ያሉብኝ ነገር ነው።

እንግዲህ ያን ዕለት ዓይን ሐኪም ቤት ዞር ብዬ ልጅቱን እያየሁ ሳለ ነርሷ ብቅ ብላ ስሜን ተጣራች። እንደ ሁሉም ፈረንጅ አጣማ "ሰዳሊ?" አለች። ብድግ ስል ልጅቱ እጅጌዬን ያዘችኝ። "ይቅርታ፣ እማማ" አለችኝ በእንግሊዝኛ። "ጸዳለ? ከኢትዮጵያ?" ጸዋን ልክ አድርጋ አወጣቻት። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ነርሷን ከኔ በኋላ ያለውን ሰው አስቀድሚ አልኳት። ልጅቱ ካቪታ ትባላለች፤ ያደገችው ፍሪሞንት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሲንድ ቋንቋ የተማረችው በነዚያ ካሴቶች ነው፤ አሁን ስልክ ውስጥ ገብተዋል። "እያንዳንዱ በእርስዎ ስም ይጀምራል" አለችኝ። "ትንፋሹ የሲንድ እንዳልሆነ አስተማሪያችን ሁልጊዜ ይነግረናል፤ ፕሮፌሰሩም ብለውታል። ግን ስንሰማው አድገን ለመደብን።" ወደ አሮጊቷ ጠቆመች። "አያቴ ናት። መጀመሪያ ትቆጣኝ ነበር። ያኔ በሲንድ እንዲህ የሚል አልነበረም ትላለች፤ አሁን ግን አለ ትላለች።" አሮጊቷ ስለሳቸው እንደሚወራ ገብቷቸው ያዩናል።

"መጨረሻ ላይ ያለችው" አልኳት። "ግማሽ የቀረችው።"

"ስለ ጀልባው" አለች ካቪታ። "አንድ ቅዳሜ ክፍል ውስጥ አሰሙን። አያቴ ልትወስደኝ መጥታ በር ላይ ቆማለች። ካሴቱ ሲቆም ተናደደች፤ እዚህ ላይ አይቆምም፣ ማነው ያቆመው አለች። ከዚያ ቀሪውን ነገረችን፤ እናቷ ትነግራት ነበር። ሌላ የሚያውቀው ሰው አልተገኘም፤ ተቀድቶ ከካሴቱ ጋር ተቀመጠ።" አያቷን አየት አደረገችና "ጥቂት ቀደም ብላ ስትነግረኝ የነበረው እሱኑ ነው፤ ደግማ ትንገርዎት?" አለችኝ። ለአያቷ አንድ ነገር ነገረቻቸው። አሮጊቷ ነጠላ መሰል ስስ ጨርቃቸውን ራሳቸው ላይ አስተካከሉና ወንበራቸውን ወደኔ አዞሩ። እሳቸው በሲንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ካቪታ ዝቅ ብላ በጆሮዬ ትተረጉማለች።

ጀልባ ቀዛፊው በጉም ጊዜ ወንዙን የሚሻገረው በድምፅ ነው። ይጣራል፤ ከማዶ ያለ ሰው ይመልስለታል፤ ድምፁን ተከትሎ ይቀዝፋል። ትንፋሼን ሳብኩ። በዚያ ቀን ማዶ ያለው መንደር ለቆ ሄዷል፤ እሱ አላወቀም። ሳብኩ። ተጣራ፤ መልስ የለም። ደግሞ ተጣራ፤ መልስ የለም። ጀልባው ላይ ያሉት ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። አሮጊቷ እዚህ ላይ ቆም ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ እኔም ተቀበልኳቸው። ሦስተኛ ሲጣራ ከማዶ አንድ ሰው መለሰለት። ማን እንደሆነ ተረቱ አይናገርም፤ ሰዎቹ ሲደርሱም ዳርቻው ላይ ማንም አልነበረም። ጀልባው ግን ደረሰ።

አሮጊቷ ተረታቸውን ጨረሱ። ነርሷ ስሜን ደግማ ተጣራች። እኔ ከመነሣቴ በፊት ትንፋሼን ለመጨረሻ ጊዜ ሳብኩ፤ ካቪታም አብራኝ ሳበች።